ልጄ የሀስኪስ ጨዋታ አብረን እንግባ አለችኝ፤ የምታውቁ እስቲ ንገሩኝ

የማክዳ እናት

ሰላም ለሁላችሁ። ልጄ ዘንድሮ፣ በ2024፣ ዩደብ (ዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ) ገብታለች። ዶርም ከገባች ገና ጥቂት ቀኗ ነው። ትናንት ደወለችና «እማዬ፣ ሀስኪስ፣ የኛ ዩኒቨርሲቲ ቡድን፣ ኦክቶበር 5 ከሚሺጋን ጋር ጨዋታ አለው፤ ቲኬት አገኛለሁ፤ አብረን እንግባ» አለችኝ። ደስ አለኝ። ከቤት ከወጣች ወዲህ ልብስ አምጪልኝ ሳትል ስትደውል ይህ የመጀመሪያዋ ነው።

ችግሩ እኔ ስለ አሜሪካ ፉትቦል ምንም አላውቅም። ሲያትል አስራ አንድ ዓመት ኖሬያለሁ። ቅዳሜ ሲሆን ሐምራዊ የለበሰ ሰው ባቡሩን ሲሞላው አያለሁ። እኔ ከአዳር ስራ ወጥቼ ወደ ቤቴ እሄዳለሁ፣ በቃ። ኳስ ሲባል ትዝ የሚለኝ ወንድሞቼ ሬድዮን ከበው የሚጯጯሁት ነው።

ጨዋታው ሳይገባኝ ያን ሁሉ ሰዓት ቁጭ ብዬ ልጄን አሳፍራት ይሆን? ምንስ ልልበስ? ደግሞ አንድ የገረመኝ ነገር አለ። አብሮኝ የሚሰራ ሰው ባለፈው ጃንዋሪ ቡድኑ ፍጻሜ ላይ ሲሸነፍ በማግስቱ ዓይኑ ቀልቶ ነው የመጣው። ትልቅ ሰው፣ የልጆች አባት። ለትምህርት ቤት ቡድን ሰው እንዴት እንዲህ ይሆናል? ለመንቀፍ አይደለም፤ ከልቤ ማወቅ ፈልጌ ነው።

ሚስማር ተራ

እህቴ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለሽ። ልጅ ዩደብ ማስገባት ቀላል ነገር አይደለም። ሂጂ። ሁለቴ አታስቢበት። ስለ ልብሱም ስለ ሌላውም እነግርሻለሁ። አስቀድሜ ግን የመጨረሻውን ጥያቄሽን ልመልስ፤ ያን ቀን ካለቀሱት ውስጥ እኔም አለሁበት።

ሲያትል የገባሁት በ2008 ጁላይ ላይ ነው፣ በዲቪ። የመጀመሪያ ስራዬ ፓርኪንግ ነበር። ቅዳሜ ጨዋታ ካለ ወደ ሀስኪ ስታዲየም ይልኩናል። የሚያብረቀርቅ ሰደርያ አጥልቄ መኪና አስገባለሁ፣ አሰልፋለሁ። ስታዲየሙ ዋሽንግተን ሐይቅ ዳር ነው ያለው፤ የተከፈተው በ1920 ነው። ሰው በጀልባ ሳይቀር መጥቶ ጀልባውን አስሮ ይገባል። እኔ ግን ያኔ ውስጡን አላውቀውም። የማውቀው ድምፁን ብቻ ነበር።

ሴፕቴምበር 6 ቀን ጨዋታው ከዩታው ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ (ቢዋይዩ) ጋር ነው። መኪናውን ሁሉ አስገብተን ጨርሰን ከአንድ የጎንደር ልጅ ጋር አጥር ስር ቁጭ ብለናል። ጨዋታው ወደ ማለቂያው ሲደርስ ጩኸቱ መሬቱን አንቀጠቀጠው። ወዲያው ሳይረን ነፋ። እሳት የተነሳ መስሎኝ ብድግ አልኩ። ጎንደሬው ሰደርያዬን ጎትቶ «ተቀመጥ፣ አግብተው ነው» አለኝ። ጩኸቱ ቀጠለ። ከዚያ ሰው ሁሉ ባንዴ የሚያጉረመርምበት ድምፅ መጣ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ ጭጭ። ያን የሚያህል ሕዝብ ባንዴ ጭጭ ሲል ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ሰው መውጣት ጀመረ። አንድ ሐምራዊ ጃኬት የለበሰ ሽማግሌ መኪናው ጋ ደረሰ፤ በሩን ከፈተ፤ ግን አልገባም። በሩን ይዞ ቆመ። ትንሽ ሬድዮ ነበረችው። አጥፍቷት ብብቱ ስር ይዟታል።

እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ ስታዲየም ሚስማር ተራ ነው። አባቴ የጊዮርጊስ ሰው ነበር። ጊዮርጊስ የተሸነፈ ቀን ሬድዮኑን ያጠፋና ብብቱ ስር ይይዘዋል። ከስታዲየም እስከ ቤታችን በእግር ስንሄድ አንድ ቃል አይወጣውም። ሽማግሌውን እንዲያ ቆሞ ሳየው እግሬ ራሱ ወሰደኝ። በተሰባበረ እንግሊዝኛዬ «ደህና ነህ?» አልኩት።

ነገረኝ። ጄክ ሎከር የሚባለው ኳርተርባክ፣ ኳሱን ተቀብሎ ጨዋታውን የሚመራው ልጅ ማለት ነው፣ ሁለት ሰከንድ ሲቀር ራሱ ሮጦ ገባ። ከደስታው ብዛት ኳሱን ወደ ሰማይ ወረወረው። ዳኛ ቅጣት ሰጠ፤ 15 ያርድ ወደ ኋላ። ያርድ ከሜትር ትንሽ ያንሳል። ቡድኑን እኩል የምታደርገው ቀላል ምት ከሩቅ የምትመታ ሆነች። ተመታች፤ በእጅ ታገደች። 28 ለ 27 ተሸነፉ። ሽማግሌው ስለ ዳኛው ክፉ አልተናገረም። «ልጁ እኮ ደስ ብሎት ነው» አለኝ። ዝም ብሎ ቆየና ደገመው። «ደስ ብሎት ነው እኮ።»

ያን ዓመት ቡድኑ 12 ጊዜ ተጫወተ፤ 12ቱንም ተሸነፈ። በሳምንቱ ኦክላሆማ መጥቶ 55 ለ 14 አሸነፈ። አራተኛው ጨዋታ ላይ ሎከር አውራ ጣቱን ተሰበረ። ሽማግሌው ግን አልቀረም። ሁልጊዜ እኔ ያለሁበት መስመር ላይ ነው መኪናውን የሚያቆመው። በስም መጠራራት ጀመርን። ኖቬምበር ላይ ከሎስ አንጀለሱ ዩኒቨርሲቲ ከዩሲኤልኤ ጋር ሲጫወቱ ሁለት ቲኬት ይዞ መጣ። አብሮት የሚገባው ወንድሙ ጉልበቱን ታሞ ቀርቷል። «ስራህን ስትጨርስ ግባ» ብሎ አንዱን ሰጠኝ።

አሁን ጨዋታው አይገባኝም ያልሽውን ልመልስልሽ፤ እኔም የገባኝ ያን ቀን ነው። ሽማግሌው ከኪሱ ኦቾሎኒ አወጣ። አራት ፍሬ ጉልበቱ ላይ ደረደረ። «ቡድናችን አራት ዕድል አለው» አለኝ። «በአራቱ ውስጥ አስር ያርድ ወደፊት መሄድ አለበት።» አንድ ሙከራ ሲያልፍ አንድ ኦቾሎኒ ይበላል። አስር ያርዱ ከሞላ እንደገና አራት ይደረድራል። ካልሞላ ኳሱ ለሌላው ቡድን ይሄዳል። አብዛኛውን ጊዜ አራተኛው ላይ ዕድላቸውን አይሞክሩም፤ ኳሱን በእግር ወደ ሩቅ ይመቱታል ወይም ቀርበው ከሆነ ወደ ጎሉ ይመታሉ። ጎሉ 3 ነጥብ ነው። ኳሱን ይዘሽ መጨረሻው መስመር ውስጥ ከገባሽ 6፤ ታችዳውን የሚሉት እሱን ነው። ከዚያ በኋላ የምትመታው ትንሿ ምት 1። ይህን ካወቅሽ ሌላው ቀስ እያለ ይመጣል።

ያን ቀን ብዙ ኦቾሎኒ በላን፤ ብዙ ጊዜ ግን አራት አልደረደርንም። 27 ለ 7 ተሸነፍን። እኔ ግን «ተሸነፍን» ማለት የጀመርኩት ያን ቀን ነው። አሜሪካ ከገባሁ አራት ወር ሆኖኝ «እኛ» ያልኩበት የመጀመሪያው ነገር ይህ ቡድን ነው። ሲያትል ውስጥ ዘመድ አልነበረኝም። ዘንድሮ ያሸንፋሉ ብዬ አልገባሁም። እንደኔው የከፋቸው ሰዎች መሃል ተቀምጬ ደስ አለኝ፣ እውነቱ ይኸው ነው።

በሚቀጥለው ዓመት ምን ሆነ መሰለሽ። አዲስ አሰልጣኝ መጣ፣ ስቲቭ ሳርኪሲያን፣ ከሌላው የሎስ አንጀለስ ዩኒቨርሲቲ ከዩኤስሲ። አይዳሆን አሸንፈን ለተከታታይ 15 ጨዋታ የዘለቀው ሽንፈት ቆመ። በሳምንቱ፣ ሴፕቴምበር 19፣ ራሱ ዩኤስሲ መጣ፤ በአገሪቱ 3ኛ ደረጃ ላይ ነው። ቲኬቴን በራሴ ገንዘብ ገዛሁ። 13 ለ 13 ሆነን አራት ደቂቃ አካባቢ ሲቀር ኳሱ እኛ ጋ ነው። ሎከር 63 ያርድ ወሰዳቸው። ሽማግሌው ኦቾሎኒውን እየደረደረ እጁ ይንቀጠቀጣል። አንዷ ፍሬ ወደቀችና ጎንበስ ብዬ ከወንበር ስር ፈለግኋት፤ ሳትገኝ እንዳይቀጥሉ የፈራሁ ይመስል። ሦስት ሰከንድ ሲቀር ኤሪክ ፎክ 22 ያርድ ላይ ሆኖ መታ። 16 ለ 13። ሰው ሜዳውን ወረረው። እኛም ወረድን። ሽማግሌው ሜዳው ላይ ቆሞ እጄን ያዘና አልለቀቀኝም።

ብዙ ሰው ከዚያ በኋላ የመጡትን ትልልቅ ድሎች ያስበልጣል። በ2016 ኦሪገንን በገዛ ሜዳው 70 ለ 21 አሸንፈናል፤ ከዚያ በፊት 12 ጊዜ በተከታታይ አሸንፎን ነበር። ጣፋጭ ነው። ለኔ ግን ከ16 ለ 13 የሚበልጥ የለም። ከዜሮ የመጣ ድል ነው።

ማይክል ፔኒክስን ግን ሳልነግርሽ አላልፍም። ኳርተርባክ ነው፣ ግራኝ። ኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ እያለ አራት ዓመት በተከታታይ ተጎድቶ ወቅቱን ሳይጨርስ ቀረ፤ ሁለት ጊዜ ጉልበቱን፣ ሁለት ጊዜ ትከሻውን። ማን ይፈልገዋል ሲባል በ2022 ወደ እኛ መጣ። በ2023 በመላ አገሪቱ እንደሱ በውርወራ ብዙ ያርድ ያስገኘ አልነበረም፤ 4,903። ሲወረውር አይተሽ ከሆነ ኳሱ አየር ላይ ዞሮ ዞሮ ሯጩ እጅ ላይ ቁጭ ይላል፤ ሯጩ እጁን እንኳ ብዙ አይዘረጋም።

ኦክቶበር 14፣ 2023 ከኦሪገን ጋር ልጄን ይዤ ነው የገባሁት፤ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። እየተመራን ነው። ኦሪገን አራተኛው ዕድል ላይ ሦስት ያርድ ፈልጎ ሞከረና ከሸፈበት። ፔኒክስ በሁለት ውርወራ ብቻ 53 ያርድ ሄደ፤ ሁለተኛዋን ሮም ኦዱንዜ ጨዋታው ሊያልቅ 1 ደቂቃ ከ38 ሰከንድ ሲቀረው ተቀበላት። 36 ለ 33። ኦሪገን በመጨረሻዋ ሰከንድ ከ43 ያርድ መታ፤ ሳተ። ልጄ አንገቴ ላይ ተጠምጥሞ ሳይረኑ እስኪቆም አልወረደም። በማግስቱ ድምፄ ጠፍቶ ቤተክርስቲያን ሰላምታ በእጄ ነው የሰጠሁት።

እንዲህ እያልን 14 ጊዜ ተጫውተን 14ቱንም አሸነፍን። ቴክሳስን በግማሽ ፍጻሜው፣ ሹገር ቦውል በሚባለው ጨዋታ፣ 37 ለ 31 አሸንፈን ጃንዋሪ 8 ሂዩስተን ላይ ፍጻሜ ከሚሺጋን ጋር። ፔኒክስ ተጎድቶ እያነከሰ ነበር። 34 ለ 13 ተሸነፍን። የስራ ባልደረባሽ ዓይኑ የቀላው ለዚህ ነው። እኔም ሳሎን ቁጭ ብዬ ቴሌቪዥኑን ሳላጠፋ አለቀስኩ። ባለቤቴ ሻይ አምጥታ አጠገቤ አስቀመጠችና ምንም ሳትል ሄደች። ያኔ የታየኝ ሂዩስተን አልነበረም። በሩን ይዞ የቆመው ሽማግሌ ነው፣ አጥሩ ነው፣ ሰደርያዬ ነው። 12 ጊዜ ስንሸነፍ የነበርነው ሰዎች እዚያ መድረሳችን ነው። ይሄ ለማያውቀው ሰው ይገባው አይገባው አላውቅም፤ አንቺ ግን ከልብሽ ስለጠየቅሽ ከልቤ ነገርኩሽ።

ከአራት ቀን በኋላ አሰልጣኙ ካለን ዲቦር ወደ አላባማ ሄደ። ከተጫዋቾቹም ብዙው ሄደ፤ ፔኒክስና ኦዱንዜ ወደ ፕሮፌሽናሉ፣ ሌሎቹ ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ። ዛሬ ልጆቹ ገንዘብ ያገኛሉ፣ በየዓመቱም ትምህርት ቤት መቀየር ይችላሉ። ብዙ የድሮ ደጋፊ በዚህ ይቆጣል። እኔ ለልጆቹ መከፈሉን እደግፋለሁ። ጉልበታቸውና ትከሻቸው የሚሰበረው የነሱ ነው። የሚከብደኝ ሌላ ነው፤ የልጁን ስም ገና ለልጄ አስተምሬ ሳልጨርስ ልጁ ሄዷል።

ወደ ኦክቶበር 5 እንምጣ። ያው ሂዩስተን ላይ ያሸነፈን ሚሺጋን ነው፤ አሁን በእኛ ሜዳ። ሽማግሌው ስለ ሚሺጋን ሲነሳ ሁሌ የሚያወራው ስለ ድሮው አሰልጣኛችን ስለ ዶን ጄምስ ነው። የ1991ዱ ቡድን 12ቱንም ጨዋታ አሸነፈ፤ በመጨረሻውም፣ ሮዝ ቦውል በሚባለው ጨዋታ፣ ሚሺጋንን 34 ለ 14 ረትቶ ሻምፒዮንነቱን ከማያሚ ጋር ተካፍሏል። ስለዚህ የምትገቢው ጨዋታ ብዙ ታሪክ ያለበት ነው።

ሐምራዊ ልበሺ፤ ከሌለሽ ጥቁር ይሆናል፤ ቢጫ ብቻ እንዳትለብሺ። ያ የሚሺጋን ነው። ከሐይቁ ነፋስ ይመጣል፣ ሲመሽ ይበርዳል፤ ወፍራም ጃኬት ያዢ። መኪና አትንጂ። ከራይነር ቢችም ከኦቴሎም ባቡሩ ቀጥታ ስታዲየሙ አጠገብ ያወርድሻል። ሳይረኑ ሲነፋ ደግሞ እንደኔ ብድግ እንዳትዪ።

የፑልማን ልጅ

ወንድም ሚስማር ተራ፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ ነው ያነበብኩት። እኔ ዋሽንግተን ስቴት የተማርኩ ነኝ፣ ፑልማን። ስንዴ ማሳ መሃል አራት ዓመት። የእናንተ ተቀናቃኝ ነኝ ማለት ነው።

እህታችንን ለማስከፋት ሳይሆን ታሪኩ ጎዶሎ እንዳይሆንባት አንድ ነገር ልጨምር። በ1915 የተመሰረተ ሊግ ነበረን። መጨረሻ ላይ 12 ቡድን ነበር። ባለፈው ዓመት፣ በ2023 ኦገስት ላይ፣ እናንተና ኦሪገን ቢግ ቴን ወደሚባለው ሊግ እንሄዳለን አላችሁ። ሌላውም ተበተነ። ያኔ የቀረነው እኛና ኦሪገን ስቴት ብቻ ነበርን። ሁለት ቡድን ሊግ ይባላል? ያን ቀን ስልኬ ላይ ዜናውን ሳነብ መኪና ውስጥ ነበርኩ፤ ከመኪናው ለመውረድ ጊዜ ወሰደብኝ። ትንሽ ከተማ ናት ፑልማን። ስድስት ወይ ሰባት ቅዳሜ ነው በዓመት የምትሞላው። ሆቴሉም፣ በርገር ቤቱም፣ ነዳጅ ማደያውም ያችን ቅዳሜ ይጠብቃል።

ሴፕቴምበር 14 ቀን እዚያው ሲያትል ሉመን ፊልድ ስታዲየም ላይ 24 ለ 19 ስናሸንፋችሁ፣ አራተኛው ዕድል ላይ አንድ ያርድ ሲቀራችሁ ስናስቆማችሁ፣ እኔም አልቅሻለሁ። አንተ ስለ ሂዩስተን ያልከው በደንብ ገብቶኛል። ግን እናንተ እንግዳ ሊግ ውስጥ ገብታችሁ ኢንዲያናና ኒው ጀርሲው ራትገርስ ድረስ ስትበሩ ደስ ይላችኋል?

ቤቲ ዘ ኳድ

ሰላም እትዬ። እኔ ዩደብ ነው የተመረቅኩት። ስለ መግቢያው ልንገርዎ። ትልቅ የእጅ ቦርሳ እንዳይዙ። ውስጡ የሚታይ ላስቲክ ካልሆነ ትልቅ ቦርሳ አያስገቡም፤ እናቴ የመጀመሪያ ቀን ቦርሳዋን ይዛ መጥታ ከበር ተመልሳ መኪና ውስጥ አስቀምጣለች።

ቲኬቱ ከተማሪዎቹ መሃል ከሆነ ሁሉም ቆሞ ነው የሚያየው፤ መቀመጥ የለም። ምቹ ጫማ ያድርጉ። የስታዲየሙ ሁለቱም ጎን ጣሪያ ስላለው ድምፁ ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ ጆሮዎ ካመመዎ ጥጥ ይያዙ። ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት ደብስ የሚባለውን ውሻ ሜዳ ላይ ሲሮጥ ያገኙታል፤ አላስካን ማላሙት ነው፣ ትልቅ። ከሰሜኑ በኩል ላይኛው ፎቅ ከሆናችሁና ሰማዩ ከጠራ ራይነር ተራራ ከፊት ለፊት ይታያል። ሰው ተራ በተራ ብድግ እያለ እጁን የሚያነሳበትን ሞገድ ያውቁት የለ? በ1981 እዚሁ ስታዲየም ውስጥ ነው የተጀመረው ይላሉ።

ማክዳ ያላፈረችባትን እናት ነው የጠራችው። እኔ የመጀመሪያው ዓመት ላይ እናቴን ለመጥራት አፍሬ ነበር፤ አሁን ይቆጨኛል።

ሚስማር ተራ

ወንድሜ የፑልማን ልጅ፣ እውነትህን ነው። ልከራከርህ አልፈልግም። ሊጉ በመፍረሱ እኔም አዝኛለሁ። ራትገርስን አላውቀውም፤ ልጠላውም ልወደውም አልችልም። አንተን ግን አውቅሃለሁ።

የ2008ቱን አፕል ካፕ፣ የሁለታችንን ቡድኖች ዓመታዊ ጨዋታ፣ ታስታውሳለህ? ሁላችንም የወደቅንበት ዓመት ነው፤ እኛ አንድም አላሸነፍንም፣ እናንተም ከዚያ ብዙ አትሻሉም። ያን ቀን ከጎንደሬው ጋር ፓርኪንግ ውስጥ በሬድዮ ነው የሰማሁት። በመጨረሻው ሰዓት እኩል አደረጋችሁ፤ ሁለት ጊዜ ተጨማሪ ሰዓት ሄዳችሁ 16 ለ 13 አሸነፋችሁን። ጎንደሬው «እነዚህ ደግሞ ከኛ የባሰ የተራቡ ናቸው» አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእናንተ ክፉ መመኘት አልቻልኩም።

አምና ደግሞ፣ ኖቬምበር 25፣ 21 ለ 21 ሆነን ከገዛ 29 ያርዳችን ላይ አራተኛውን ዕድል ስንሞክር ሁለት እጄን ራሴ ላይ ነው ያደረግሁት። ከሸፈ ማለት ለእናንተ መስጠት ነው። ኦዱንዜ 23 ያርድ ሮጠ፤ ግሬዲ ግሮስ ከ42 ያርድ መታ። ግሮስ ያን ጊዜ ስኮላርሺፕ አልነበረውም። መልበሻ ክፍል ውስጥ አሰልጣኙ ከዛሬ ጀምሮ ስኮላርሺፕ አለህ ሲለው ጓደኞቹ ተሸክመውት ሲዘሉ ያየሁትን ቪዲዮ እስከዛሬ አልሰረዝኩትም። አፕል ካፕ እስካለ ድረስ እኔ የማውቀው ሊግ አለ።

አንድ ቀን ፑልማን እመጣለሁ። በርገር ቤቱን አንተ ታሳየኛለህ።

የፑልማን ልጅ

ና። ልጅህንም ይዘህ ና።

የማክዳ እናት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሄጄ መጣሁ። ድምፄ ገና አልተመለሰም።

ሐምራዊ ልብስ አልነበረኝም። ለእህቴ ሠርግ የለበስኩት ሐምራዊ ነጠላ ትዝ አለኝና ጃኬት ላይ ደረብኩት። ማክዳ ስታየኝ መጀመሪያ ዝም አለች። ከዚያ ፎቶ አነሳችኝና ለጓደኞቿ ሁሉ ላከች። ሁለት የማላውቃቸው ልጆች መጥተው ጫፉን ነክተው «በጣም ያምራል» አሉኝ።

ወንድሜ ሚስማር ተራ፣ ኦቾሎኒ አልያዝኩም። ቆሎ ይዤ ነበር፣ ገብስና ሽምብራ፣ በጃኬቴ ኪስ። መቀመጫ ስለሌለ መዳፌ ላይ አራት ሽምብራ እደረድራለሁ። አንድ ሲያልፍ አንድ እበላለሁ። ማክዳ ምን እያደረግሽ ነው አለችኝ። ነገርኳት። ለካ እሷም አታውቀውም! ልጄ ጨዋታው ሳይገባት ነው እኔን የጠራችኝ። እኔ አስተማርኳት። አጠገቧ የቆመችው የዶርም ጓደኛዋም መዳፏን ዘረጋችልኝ።

ሳይረኑ ሲነፋ እያወቅሁት እንኳ ደነገጥኩ። 14 ለባዶ መራን። ከዚያ ሚሺጋን መጣ፣ መጣና 17 ለ 14 ሆነ። ያኔ ያልከው ጭጭታ ምን እንደሆነ ገባኝ። ሰው ቆሞ አለ ግን ድምፅ የለም። ማክዳ ክንዴን ይዛ ነበር፤ ጥፍሯ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ እነሱ አንድም አላገቡም፤ እኛ 13 ነጥብ ጨመርን። 27 ለ 17። መጨረሻ ላይ ሽምብራውን መቁጠሬን ትቼ ሁሉንም አንዴ ቃምኩት።

ባቡር ጣቢያው ድረስ ሸኘችኝ። የተረፈውን ቆሎ ለዶርም ወሰደችብኝ፤ ኪሴን ገልብጣ ነው የወሰደችው።

ሚስማር ተራ

እህቴ፣ የጻፍሽውን እየተረጎምኩ ለሽማግሌው አነበብኩለት። አሁን አሪዞና ልጁ ጋ ነው የሚኖረው፤ ጨዋታ ባለ ቁጥር እንደዋወላለን። ቅዳሜም እስከ መጨረሻው ስልኩን አልዘጋንም ነበር።

ነጠላውን ሳነብለት ዝም ብሎ ሰማ። ሽምብራው ጋ ስደርስ አስቆመኝ፣ «ድገመው» አለኝ። ደገምኩለት። «ቆሎ ምንድነው?» ብሎ ጠየቀኝ። ለማስረዳት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ባለቤቴ ዛሬ ማታ ልትቆላ ገብሱን ዘፍዝፋለች። ነገ ከስራ በፊት ፖስታ ቤት እሄዳለሁ።